ከዋንዛ ሥር ያለ ጎመን

ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ሣር እንኳ በቅጡ አይበቅልም። አባቴ ከባሕር ዛፉ ጥግ ያለው ገብስ በየዓመቱ ስንዝር ሆኖ ሲቀር «ጥላው በላው» ይላል፤ እኔም ይህንኑ አምኜ ኖሬያለሁ። ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ «የአክስቴ ጎመን ኮምቦልቻ ዳር ዛፍ ሥር ነው የሚበቅለው» ሲለኝ እንደ ቀልድ ሰማሁት። የጌዴኦ ሰዎች እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፍ በአንድ ማሳ እንደሚያደራርቡ፣ መልክዓ ምድራቸውም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ እንደተመዘገበ አውቃለሁ። እሱ ግን ዝናብ የጠገበ የደቡብ አገር ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ጎመኑን በዓይኔ ላየው ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ከጣርማበር በታች ያለውን መንገድ ተኝቼ ነው ያለፍኩት። እንቅልፌን እዚያው ጨርሼው ይሁን አላውቅም፣ ኮምቦልቻ ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ። 800 ብር የከፈልኩበት ክፍል መስኮቱ አይዘጋም፣ አጎበሩም ተቀዷል። ከተማዋ ከደብረ ብርሃን አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ለቢንቢ ይህ ይበቃል። ሳጨበጭብ አነጋሁ። ጠዋት እየተነጫነጭኩ ብወርድ እንግዳ ተቀባዩ «አብሽር፣ ዛሬ ደህና ትተኛለህ» ብሎ ፈገግ አለ። ወሎ ላይ ተቆጥቶ መቆየት ይከብዳል። ባጃጁ ግን 200 ብር ሲያስከፍለኝ ቁጣዬ ተመለሰ፤ ማታ በዚያው መንገድ ሌላው በ80 መልሶኛል።

የባልደረባዬ አክስት ጓሮ ከሩቅ ጫካ ይመስላል። ከላይ ዋንዛና ግራቪሊያ፤ ወሩ ጥቅምት ስለነበር ዋንዛው ነጭ አበባውን አውጥቶ ንብ ወርሮታል። ከሥሩ ፓፓያና አቮካዶ፣ ዝቅ ሲል ቡናና ጌሾ፣ ከሁሉም በታች የጎመን፣ የቆስጣና የሰላጣ መደቦች። ፀሐይዋ ጎመኑ ላይ ጠቃጠቆ ሆና ትወርዳለች። የረገፈውን ቅጠል ገለጥ አድርጌ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ። ሁለት ሳምንት ዝናብ አልጣለም ተብያለሁ፤ ጣቴ ግን ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ።

«እማማ፣ ጥላው አይጎዳውም?»

«ጥላማ ይጎዳል ልጄ። ታዲያ እኔ መቼ ለቀቅኩት?»

ወደ ግራቪሊያው ጠቆሙኝ። ግንዱ እስከ ላይ በገጀራ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል፤ ጫፉ ላይ ብቻ እንደ ጭራ ቅጠል ቀርቶለታል። ክረምት ሊገባ ሲል ይከረክሙታል፤ ደመናና ጥላ ሲደራረቡ ሰላጣው ይበሰብሳላ። በጋ ሲመጣ ደግሞ መሬቱ እንዳይደርቅ እንዲለብስ ይተውታል። ቅርንጫፉ ማገዶ ነው፤ ግንዱ ቀጥ ብሎ ያድግና ለጣውላ ይሸጣል። ቲማቲምና ቃሪያ ፀሐይ ስለሚፈልጉ በምሥራቅ በኩል ዳር ላይ ናቸው። አንድ ጊዜ ቲማቲም ከዛፍ ሥር ሞክረው ነበር፤ «ቁመቱ እኔን አክሎ አንዲት ፍሬ ሳይሰጠኝ ሄደ» አሉ።

እኔ ግን ለመርታት የመጣሁ ነኝና አቮካዶው ሥር ባዶ መሬት አየሁ። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ብርሃን አያሳልፍም።

«እዚህስ ምንም የለም!»

«እዚያ ዶሮዎቼ ይተኛሉ» አሉኝ። እኔ ከተኛሁበት ክፍል የተሻለ ነው ልል ነበር፣ ተውኩት።

ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ገንዘብ ብሰጣቸው አልቀበልም ብለው ይባስ ስድስት አቮካዶ አሸከሙኝ። በማግሥቱ ጣርማበር ላይ ብርዱ ሲቀበለኝ ፍሬዎቹ ገና እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነበሩ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ሁሉንም አወራሁለት። «ገብሳችንን የበላው ጥላው ብቻ አይደለም፤ ባሕር ዛፉ በሥሩ ውኃውን ይሻማዋል» አልኩት። አንዱን አቮካዶ እያገላበጠ ሰማኝ።

«ማንም ይብላው፣ ገብሱ ተበልቷል» አለ።