ከፖስትግሬስ 11 ወደ 16 ስንሻገር ያጣሁት መለኪያ

የምሠራበት የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ደረሰኙን፣ የመጋዘን ክምችቱንና የመድኃኒቶቹን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን በአንድ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ያኖራል። ይህን ዳታቤዝ በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከእትም 11 ወደ እትም 16 ያሻገርኩት እኔ ነኝ። ሥራው በአንድ ቅዳሜ ሌሊት ተጠናቀቀ፤ ስህተት የሚል መልእክት አንድም አልወጣም። እሑድን ዐርፌ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመጋዘን ኃላፊዋ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ምን ነካችሁት? ደረሰኝ አይወጣም እኮ፤ ደንበኛው በር ላይ ተሰልፏል።»

መጀመሪያ የፈለግሁት ከቀድሞው ምን ያህል እንደዘገየ ማወቅ ነበር። አልቻልኩም። ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ የሚባል ተጨማሪ ክፍል አለ፤ እያንዳንዱ ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ፣ ስንት ጊዜ እንደተጠራና ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ ይመዘግባል። እኛም ዘንድ ለዓመታት ሲመዘግብ ኖሯል። ሆኖም ለማሻገሪያ የተጠቀምኩበት ፒጂ አፕግሬድ ያንን መዝገብ ወደ አዲሱ ይዞ አይመጣም። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ፋይሎቹን ከመገልበጥ ይልቅ አሮጌውና አዲሱ እንዲጋሯቸው በሚያደርገው የሊንክ ዘዴ ስላሻገርኩ ደግሞ፣ አዲሱ ሥራ ከጀመረ በኋላ አሮጌውን መልሶ ማስነሳት መረጃን ማበላሸት ነው። የስንት ዓመት ልኬት በእጄ እያለ አንድም ቁጥር ሳላስቀር ተሻገርኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ከመዘግየቱ ይልቅ ይህ ነው።

የደረሰኙን ኩዌሪ፣ ዕቅዱንና የፈጀውን ጊዜ በሚያሳየው የኤክስፕሌን አናላይዝ ትእዛዝ ሳየው ምክንያቱ ወዲያው ታየኝ። ዳታቤዙ ጥቂት መስመሮች አገኛለሁ ብሎ ያቀደበት ቦታ ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠር መስመር መጥቶበታል። ፖስትግሬስ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚወስነው ስለ ሠንጠረዦቹ በሰበሰበው ስታቲስቲክስ ነው፤ በዚያ ዘመን ፒጂ አፕግሬድ ይህንንም አያሻግርም ነበር። አገር እንደማያውቅ እንግዳ በግምት ይሄድ ነበር ማለት ነው። ስታቲስቲክሱን እንደ አዲስ የሚሰበስበውን፣ በደረጃ የሚሠራውን የአናላይዝ ትእዛዝ ሰጠሁ፤ መጀመሪያ በ1፣ ቀጥሎ በ10፣ በመጨረሻም በመደበኛው 100 የዝርዝር መጠን ይሰበስባል። የመጀመሪያው ዙር እንዳለቀ ደረሰኝ መውጣት ጀመረ።

የማብቂያ ቀን ሪፖርቱ ግን አሁንም ተንቀራፈፈ። ኩዌሪውን የጻፈው ሰው ከባዱን ክፍል «ዊዝ» በሚለው ቃል ስም ሰጥቶ ለይቶ አስቀምጦታል። እስከ እትም 11 ድረስ በዊዝ የተለየ ክፍል ለብቻው ተሠርቶ ውጤቱ ይቀመጥ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው እትም 12 ጀምሮ ግን፣ ክፍሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠራ፣ ራሱን የማይደግምና ሌላ ነገር የማይለውጥ ከሆነ ከዋናው ኩዌሪ ጋር ይዋሐዳል። ለብዙዎቹ ኩዌሪዎች ጥቅም ነው፤ የእኛ ግን መለየቱን ተማምኖ የተጻፈ ነበር። ክፍሉ እንደ ቀድሞው ለብቻው ይሠራ የሚለው «ማቴሪያላይዝድ» የሚል አንድ ቃል ሲጨመርበት ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ተመለሰ።

ሁለቱም ነገሮች አስቀድመው በግልጽ ተጽፈዋል። የስታቲስቲክሱን ጉዳይ ፒጂ አፕግሬድ ራሱ ሥራውን ሲጨርስ ያስታውሳል። የዊዝ ለውጥ ከእትም 12 ጋር በወጣው የለውጦች ማስታወሻ ላይ አለ። እኔ ያነበብኩት የ16ን ብቻ ነበር። ከ11 ወደ 16 የሚሄድ ሰው የ12ን፣ የ13ን፣ የ14ን፣ የ15ንና የ16ን ማስታወሻ አንድ በአንድ ማንበብ አለበት፤ ረጅም ሌሊት ይወስዳል፤ ከዚያ ሰኞ ግን ያጥራል።

አሁን ቀኖቹን በግድግዳ መቁጠሪያ ላይ አከብባለሁ። ንዑስ እትሞች፣ ማለትም እንደ 17.1 ያሉ የማስተካከያ እትሞች፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ፣ ሜይ፣ ኦገስትና ኖቬምበር ሁለተኛ ሐሙስ ይወጣሉ፤ ዐቢዩ እትም አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም ነው። እትም 17 የወጣው በ2017 ዓ.ም. መስከረም 16፣ በደመራ ዕለት ነበር። እያንዳንዱ ዐቢይ እትም ለአምስት ዓመት ያህል ይደገፋል፤ የእኛ 11 የመጨረሻ ማስተካከያውን ያገኘው ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ንዑስ እትም ሲወጣ ማስታወሻውን በዕለቱ አነባለሁ፤ የደኅንነት ጉዳይ ካላስቸኮለኝ በስተቀር የምጭነው ግን ሳምንት ቆይቼ ነው። በኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 17.1 አንዳንድ ተጨማሪ ክፍሎችን ስላወከ ልክ በሳምንቱ 17.2 ተከትሎታል።

ልኬቱን ደግሞ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ በስክሪፕት፣ ማለትም በራሱ በሚሠራ አጭር ፕሮግራም፣ ወደ ራሱ ሠንጠረዥ እገለብጠዋለሁ፤ የሚቀመጠውም ከዳታቤዙ ውጭ በሌላ ሰርቨር ላይ ነው። ይህም ቢሆን በአንድ ጊዜ አልተስተካከለልኝም። ከሽግግሩ በኋላ ተጨማሪ ክፍሉ በአሮጌ ቅርጹ ይቆያል፤ እኔ ወደ አዲሱ ሳሳድገው «ቶታል ታይም» የሚለው ዓምድ «ቶታል ኤግዜክ ታይም» ሆነ። ስክሪፕቴ ቆመ፤ ስህተቱን ማንም በማይከፍተው ፋይል ላይ ሲጽፍ ሦስት ዓርብ አለፈ። የዓምዱ ስም መለወጥም በ13 ማስታወሻ ላይ ተጽፎ ነበር። ዛሬ ስክሪፕቱ አዲስ መስመር ካልጨመረ ስልኬ ላይ መልእክት ይደርሰኛል።

ሁለት እትሞችን ሳነጻጽር ኩዌሪዎቹን የማዛምደው በጽሑፋቸው ነው፤ የመለያ ቁጥራቸው ከዐቢይ እትም ወደ ዐቢይ እትም ሊለወጥ ይችላል። የማያቸውም በአማካይ ሳይሆን በጠቅላላ ጊዜ ደርድሬ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ አራት ሰከንድ የሚፈጅ ሪፖርት ሰውን ያማርራል፤ 3 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚወስድ፣ ግን በቀን አምስት መቶ ሺህ ጊዜ የሚጠራ ኩዌሪ ሃያ አምስት ደቂቃ ይበላል፤ ስለ እርሱ ግን ማንም አይደውልም። የእኛው እንዲህ ያለ ኩዌሪ የአንድን መድኃኒት ዋጋ የሚጠይቅ ነበር፤ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ለእያንዳንዱ መስመር ለየብቻው ይጠራል። ፕሮግራመሮቹ በአንድ ጥሪ እንዲያመጡት አደረጉ።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም 15 የወጣው እትም 18 ፒጂ አፕግሬድን ስታቲስቲክሱን ይዞ እንዲሻገር አድርጎታል። ማስታወሻውን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ያለው ግን በ«ክሬት ስታቲስቲክስ» ትእዛዝ በተጨማሪነት የተፈጠሩት ስታቲስቲክሶች እንደማይካተቱ ይናገራል። እኛ ሁለት አሉን፤ አንደኛው በደረሰኙ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ስለዚህ በሽግግሩ ዕቅድ ላይ አናላይዝን መልሼ ጻፍኩ፤ ከእርሱ በላይ ባለው መስመር ደግሞ የፒጂ ስታት ስቴትመንትስ መዝገብ መገልበጡ ሳይረጋገጥ ሰርቨሩ እንዳይቆም የሚል አለ።