የጋናዊው ጓደኛዬ ደመወዝ ከክለቡ እንዴት እንደወጣ

ይህን የምጽፈው ያኔ የሚነግረን ሰው ስላልነበረ ነው። ጓደኛዬ ጋናዊ አጥቂ ነው። በአንድ የክልል ከተማ ክለብ ሲጫወት ጎረቤቴ ነበር። እንግሊዝኛ ስለምችል ባንክም ኢሚግሬሽንም አብሬው እሄድ ነበር፤ ደመወዙ ሲቆም ጉዳዩ በዚያው እኔ ላይ ወደቀ። ጠበቃ አይደለሁም። ኤጀንትም አይደለሁም። ግን ገንዘቡን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አስወጥተናል፤ በዚህ እኮራለሁ።

አመጣጡ እንደ ብዙዎቹ ነው። ኤጀንቱ ያሳመነው የኦኪኪ አፎላቢን ስም ጠርቶ ነው። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ በ2010 ዓ.ም. ክለቡ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫ ሲያነሳ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ነበር። ከሱ በፊትም ሌላው ናይጄሪያዊ ሳሙኤል ሳኑሚ በደደቢት ማሊያ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። ስለዚህ ወሬው ውሸት አይደለም፤ እዚህ መጥቶ ስም ማውጣት ይቻላል። ኤጀንቱ ግን ለሙከራ ብሎ ከልጁ ቤተሰብ ገንዘብ ወስዷል። ለሙከራ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። ከመስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፊፋ ፈቃድ የሌለው ሰው የተጫዋች ኤጀንት ሆኖ መሥራት አይችልም፤ ስሙን ፊፋ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ነው።

ውሉ በብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ጓደኛዬ ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ከግማሽ ብዙም የማይበልጥ ሆነ። የውጭ ተጫዋች ውሉ በዶላር ይጻፍለት፤ ክለቡ እምቢ ካለ ቢያንስ በዶላር ተሰልቶ በዕለቱ ምንዛሪ ይከፈል የሚል አንቀጽ ይግባ። ደግሞ «የተጣራ» (ግብሩን ክለቡ የሚችለው) የሚለው ቃል ይኑር፤ ካልሆነ ከፍ ካለው የደመወዝ ክፍል ላይ 35 በመቶው ግብር ነው።

ከዚያ ደመወዙ ጭራሽ ቆመ። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። «በጀት አልተለቀቀም» ይሉታል። «የሚቀጥለው ሳምንት» ይሉታል። የፊፋ የዝውውር ደንብ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ክለብ ያለ በቂ ምክንያት የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፤ ቢያንስ 15 ቀን ይሰጣል፤ ካልተከፈለው ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ያቋርጣል። ሲነበብ ቀላል ነው። ደብዳቤ መጻፍ ብቻ።

ደብዳቤውን መጻፍ የአንድ ምሽት ሥራ ነበር። ማስገባቱ ነው ያንገበገበኝ።

መዝገብ ቤት ሄድን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አየችውና «በእንግሊዝኛ አንቀበልም» አለች። ውሉ ራሱ በእንግሊዝኛ ነው! እሺ ብለን ከአማርኛ ትርጉም ጋር ተመለስን። «ለሥራ አስኪያጁ ተብሎ ይጻፍ» ተባልን። ጻፍን። «እሳቸው ካልመሩበት ገቢ አላደርግም» አለች። እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ ከቡድኑ ጋር ሄደዋል። ሲመለሱ ደግሞ እንግዳ አላቸው። በመጨረሻ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ፣ እንዳትቀበይ ተብያለሁ፣ እንጀራዬ ነው» አለችኝ። በሷ አልፈረድኩም። ያዘዛት ሰውዬ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አንድ ሰው የሠራበትን ገንዘብ በወረቀት እንዳይጠይቅ በር መዝጋት ምን ይባላል?

አንዱ ጸሐፊ ደግሞ «ጠረጴዛው ላይ ተዉልኝና ሂዱ፣ አደርስላችኋለሁ» አለ። በፍጹም እንዲህ እንዳታደርጉ። ማህተም፣ ቀንና ፊርማ የሌለበት ደብዳቤ አልደረሰም።

ከዚያ ወደሚመለከተው አካል ሄደን አመለከትን። ያገኘነው ኃላፊ በትዕግሥት አዳመጠን፣ ሻይም አዘዘልን፣ ከዚያ «የቤታችንን ችግር እዚሁ እንፍታው፣ ውሉም ክርክር ሲነሳ ወደ ፌዴሬሽኑ ይሄዳል ይላል» አለ። ብዙ ተጫዋች እዚህ ጋ ነው የሚቀረው። እኔ ግን ደንቡን አንብቤው ነበር። የተጫዋቹና የክለቡ አገር ሲለያይ ጉዳዩ የፊፋ ነው። ወደ አገር ውስጥ የሚመለሰው በውሉ በግልጽ ከተጻፈና እዚያ ያለው ዳኛ አካል ገለልተኛ፣ ተጫዋቾችና ክለቦች እኩል የተወከሉበት ከሆነ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አካል የታለ ብዬ ስጠይቀው መልስ አልነበረውም። ስለዚህ «መጀመሪያ እዚህ ጨርሱ» የሚላችሁን አትስሙ። ክሱን ለማቅረብ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ በሽምግልናና በቀጠሮ ሲበላ አይታወቅም።

ደብዳቤው የገባው በሌላ መንገድ ነው። ከጓደኛዬ የራሱ ኢሜይል ወደ ክለቡ ይፋዊ ኢሜይል ላክነው። በአደራ ፖስታ ላክነውና ደረሰኙን ያዝን። ፎቶውን ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ በዋትሳፕ ላክን። ሰውየው የዚያኑ ምሽት መለሱ፤ ደብዳቤህን አይቼዋለሁ፣ ቢሮ ናና እንነጋገር የሚል መልእክት ነበር። ያቺን መልእክት ስናይ ጓደኛዬ ጮኸ። መዝገብ ቤቱ የከለከለንን ማህተም ሥራ አስኪያጁ በገዛ እጃቸው ሰጡን።

ቢሮ የጠበቀን ሌላ ወጥመድ ነው። ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፦ «ከክለቡ ምንም ዓይነት ቀሪ ክፍያ የለኝም» ይላል። ፈርም፣ የአንድ ወር ደመወዝና መልቀቂያህን ውሰድ። እምቢ ካልክ መልቀቂያ የለም፣ የትም አትጫወትም፣ የሥራ ፈቃድህም ይሰረዛል። ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር። እጁን ያዝኩት። «አንተ ምን አገባህ?» አሉኝ። ያገባኛል!

መልቀቂያ የሚባለው ወረቀት ወደ ሌላ አገር ለሚሄድ ተጫዋች ማስፈራሪያ እንጂ ሌላ አይደለም። ከአገር አገር ሲዛወር የሚያስፈልገው ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፍኬት ነው፤ እሱም በፊፋ ሲስተም በሁለት ፌዴሬሽኖች መካከል ያልቃል። ይህን ሰርተፍኬት ይዞ ተጫዋች ማገትም ቢሆን እየተዘጋ የመጣ መንገድ ነው። ፈረንሳዊው ላሳና ዲያራ ከሎኮሞቲቭ ሞስኮ ጋር ተጣልቶ፣ ሰርተፍኬት ስላልተሰጠው ቤልጅየም የነበረው ዕድል ተበላሸበት። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በመስከረም 2017 ዓ.ም. ለሱ ከፈረደ በኋላ ፊፋ ደንቡን ለመለወጥ ተገዷል። «ቀሪ የለኝም» ብለህ ከፈረምክ ግን ፊፋም ብዙ ሊረዳህ አይችልም። ፊርማህ ነዋ።

በማስጠንቀቂያው ቀናት ልጁ ልምምድ እንዳይቀር ለመንኩት። ጥበቃው አላስገባ ሲለው በየጠዋቱ በሩ ላይ በማሊያው ቪድዮ ቀረጽነው። በኋላ ክለቡ «ሥራውን ጥሎ ጠፍቷል» ብሎ ለፊፋ ሲጽፍ መልሳችን እነዚያ ቪድዮዎች ነበሩ። ደመወዝ ስላልተከፈላቸው አኩርፈው ካምፕ ጥለው የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ አትሂዱ።

የቀረው ቀላል ነው። ክሱ በፊፋ የሕግ ፖርታል ይገባል፤ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ስፓኒሽ ይሆናል። ተጫዋች ክፍያ የለበትም። ጠበቃ ጠይቀን ከሚገኘው ገንዘብ ትልቅ ድርሻ ፈለገ፤ ተውነው። ሰነዱ በእጃችሁ ካለ ለደመወዝ ጉዳይ ጠበቃ ግዴታ አይደለም እላለሁ፤ ሌሎች ሌላ ይላሉ። ውሳኔው የቀረውን ደመወዝ፣ ካሳና 5 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ሰጠን። የባንክ ሒሳቡ ቅጽ በተጫዋቹ ስም ከክሱ ጋር መግባት አለበት፤ ክለቡ ለመክፈል ያለው 45 ቀን መቆጠር የሚጀምረው ውሳኔው ከተገለጸ ጀምሮ ነው። ካልከፈሉ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግቡ ይታገዳሉ፣ እስከ ሦስት የዝውውር መስኮት። «በጀት የለም» ሲሉ የነበሩት ሰዎች መስኮቱ ሊከፈት ሲል ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ ከፈሉ።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያመኛል። በዚያው ክለብ ደመወዛቸው የቀረ ኢትዮጵያውያን ልጆች ነበሩ። ተጫዋቹም ክለቡም ያንድ አገር ሲሆኑ ፊፋ አያይላቸውም። ለነሱ ያለው ያ ሻይ የሚያዝዝ ኃላፊ ነው። ግብፅም ሆነ ሌላ አገር ሄዶ ለሚጫወት ኢትዮጵያዊ ግን መንገዱ የጓደኛዬ መንገድ ነው። ውል ስትፈርም ሁለቱም ወገን የፈረሙበትን ቅጂ እዚያው ተቀበል። «በኋላ እንልክልሃለን» ካሉህ ገጽ በገጽ በስልክህ ፎቶ አንስተህ፣ ለራስህ ኢሜይል ልከህ፣ ከዚያ ከቢሮው ውጣ።