ኬሮን በደብተርና በካርታ፦ ከ15,203 ወደ 1,733

የአሜሪካን ትናንሽ ከተሞች በካርታና በሕዝብ ቆጠራ ሠንጠረዥ እየተከታተልኩ ማጥናት ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። አካሄዴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ከተማ እመርጣለሁ፣ ካሬ መስመር ባለው የሂሳብ ደብተር ላይ የየአሥር ዓመቱን የነዋሪ ቁጥር በነጥብ አስቀምጬ በመስመር አገናኛለሁ፣ ከዚያም መስመሩ በታጠፈበት ሁሉ ምን እንደተፈጠረ አነባለሁ። በዚህ ወር የያዝኳት በኢሊኖይ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ ላይ የምትገኘውን ኬሮን ነው፤ እስካሁን ካጠናኋቸው ከተሞች ሁሉ ይበልጥ ያሳሳተችኝም እሷ ናት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሕተቱ ከስሟ ይጀምራል። በእንግሊዝኛ አጻጻፏ ከግብጿ ካይሮ ጋር አንድ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች ፍለጋዬ ሁሉ እየወሰደ ፒራሚድ ሥር ሲጥለኝ ነበር። የአገሬው ሰው ግን «ኬሮ» ስለሚላት እኔም በደብተሬ ይህንኑ አጠራር ይዣለሁ። አካባቢው በሙሉ «ትንሿ ግብፅ» የሚል ቅጽል ያለው ሲሆን ቴብስና ካርናክ የሚባሉ መንደሮችም አሉት። ስለ ቅጽሉ አመጣጥ ከሚነገሩት አንዱን ወድጄዋለሁ፦ በ1830 እና 1831 መካከል ብርዱ እጅግ በጠናበት ወቅት የሰሜን ኢሊኖይ ሰዎች፣ የያዕቆብ ልጆች ወደ ግብፅ እንደወረዱ ሁሉ፣ እህል ሊሸምቱ ወደ ደቡብ ወርደው ነበር ይባላል።

መልክዓ ምድሯን በሳተላይት ምስል ሳይ ብዙ ሰዓት ቆይቻለሁ። ከምዕራብ የሚሲሲፒ ወንዝ፣ ከምሥራቅ የኦሃዮ ወንዝ እየተቀራረቡ መጥተው ከከተማዋ በስተደቡብ ይጋጠማሉ፤ መጋጠሚያው የኢሊኖይ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ምስሉን አጉልታችሁ ብታዩት ጭቃ የተሸከመው የሚሲሲፒ ውሃና ጠራ ያለው የኦሃዮ ውሃ ወዲያው ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ሲወርዱ ትመለከታላችሁ። በመጋጠሚያው ላይ ብዙውን ውሃ ይዞ የሚደርሰው ስሙን የሚያጣው ኦሃዮ መሆኑን ሳነብ ለወንዙ ትንሽ ተቆርቁሬለታለሁ። ሚሲሲፒን የተሻገረ ሚዙሪ፣ ኦሃዮን የተሻገረ ኬንታኪ ይገባል። ከተማዋ ዙሪያዋን በጎርፍ መከላከያ ግድብ የታጠረች ናት፤ በሰሜን በኩል የሚያስወጣው መንገድ ደግሞ ከባቡር ሐዲድ ሥር የሚያልፍበት ቦታ ላይ 80 ቶን ያህል የሚመዝን የብረት መዝጊያ ተሰቅሎበታል። ጎርፍ ሲመጣ መዝጊያው ወደ ታች ይለቀቅና ኬሮ እንደ ደሴት ለብቻዋ ትቀራለች።

እንዲህ ያለ ቦታ የነጋዴን ዓይን መሳቡ አይቀርም። በ1818 የተጀመረው የመጀመሪያው የከተማ ምሥረታ ከሸፈ፤ በ1837 የተጀመረው ሁለተኛውም ብዙ አልቆየም። በ1850 ቆጠራ የተገኙት ነዋሪዎች 242 ብቻ ነበሩ። የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር በ1850ዎቹ አጋማሽ ከደረሰ በኋላ ግን ቁጥሩ በ1860 ወደ 2,188 ዘለለ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሰሜኑ ወገን ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት በመስከረም 1861 የጦር ሰፈሩን እዚህ አደረገ፤ በየካቲት 1862 የፎርት ሄንሪንና የፎርት ዶኔልሰንን ምሽጎች ሊይዝ የተነሣውም ከዚሁ ነው። ከባርነት ያመለጡ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮችም በዚያው ዘመን ወንዙን ተከትለው መጡና ብዙዎቹ ቀሩ፤ በ1900 ከከተማዋ ሕዝብ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ጥቁር ነበር። የነዋሪው ቁጥር እየጨመረ ሄዶ በ1920 ጫፉን ነካ፦ 15,203።

ከዚህ በኋላ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ግድቡንና የብረት መዝጊያውን አስቀድሜ ስላየሁ ምክንያቱን ሳልመረምር 1937 ከሚውልበት ቦታ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ጎርፍ» ብዬ ጻፍኩ። የ1937 ጎርፍ በእርግጥ ታላቅ ነበር፤ ወንዙ በኬሮ መለኪያ 59.5 ጫማ ደርሷል። ነገር ግን በኦሃዮ ዳር ያሉ ብዙ ከተሞች በውሃ ሲዋጡ ኬሮ ተረፈች። ሠንጠረዡም ቢሆን በ1930 የነበሩት 13,532 ነዋሪዎች በ1940 ወደ 14,407 ከፍ ማለታቸውን ነው የሚያሳየው፤ የጎርፉ አሥር ዓመት ከ1920 ወዲህ ቁጥሩ የጨመረበት ብቸኛው ነው። በግንቦት 2011 ውሃው ከዚያም በልጦ 61.72 ጫማ ሲደርስ የጦር ሠራዊቱ የምሕንድስና ክፍል በማዶ በሚዙሪ በኩል ያለውን የበርድስ ፖይንት ግድብ በፈንጂ አፍርሶ ውሃውን 130,000 ኤከር በሚሆን የእርሻ መሬት ላይ ለቀቀው፤ ኬሮ ያኔም አልሰጠመችም። ለእርሻ ባለቤቶቹ መራራ የነበረው ያ ውሳኔ ለእኔ ቀዩን ቃል እንድሰርዘው አደረገኝ።

ሁለተኛው ግምቴ ድልድይ ነበር፤ ይኸኛው በከፊል ይሠራል። በ1889 በኦሃዮ ላይ የባቡር ድልድይ ከመሠራቱ በፊት የባቡር ፉርጎዎች ኬሮ ላይ ቆመው በጀልባ ይሻገሩ ስለነበር ጭነት አውራጁም፣ ጀልባ ነጂውም፣ ምግብ ቤቱም ከዚያ መቆም ይጠቀሙ ነበር። ድልድዩ ከተሠራ በኋላ ግን ከተማዋ ለሠላሳ ዓመት ያህል ማደጓን ስላላቆመች ድልድይ ብቻውን አይበቃም። ከዚያ የመኪና ድልድዮች ተከተሉ፤ በ1978 ደግሞ ኢንተርስቴት 57 የተባለው አውራ ጎዳና በራሱ ድልድይ ሚሲሲፒን ሲሻገር መንገደኛው ኬሮን ሳይረግጥ ማለፍ ቻለ።

ብዙ ገጽ የፈጀብኝ በ1960 እና በ1970 መካከል ያለው እጥፋት ነው። ቁጥሩ ከ9,348 ወደ 6,277 ወረደ፤ በአንድ አሥር ዓመት 3,071 ሰው ጎደለ ማለት ነው። በዚህች ከተማ በ1909 ዊሊያም ጄምስ የተባለ ጥቁር በሺዎች ፊት ያለ ፍርድ ተገድሏል፤ የዘር መለያየቱም ከዚያ በኋላ አልላላም። በ1962 ወጣቶች ለነጮች ብቻ በሆነው የመዋኛ ገንዳ ደጃፍ ተንበርክከው ሲጸልዩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ፤ ኋላ ለምክር ቤት አባልነት የበቃው ጆን ሉዊስም ከመካከላቸው ነበር። ገንዳው ጥቁሮችን ከማስገባት ይልቅ በዓመቱ ተዘጋ፤ ኋላም በሲሚንቶ ተሞላ። በሐምሌ 1967 ሮበርት ሃንት የተባለ የ19 ዓመት ጥቁር ወታደር በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ተሰቅሎ ተገኘ፤ ፖሊስ ራሱን አጠፋ ቢልም ጥቁሩ ነዋሪ አላመነም፣ ሁከትም ተነሣ። በ1969 የኬሮ ኅብረት ግንባር የተባለ የጥቁሮች መብት ንቅናቄ ተቋቁሞ ጥቁሮችን በማይቀጥሩ ሱቆች ላይ ያለመግዛት አድማ ጠራ። አድማው ለዓመታት ዘለቀ፤ ጥቁር ከመቅጠር ይልቅ ሱቁን መዝጋት የመረጠ ባለሱቅም ጥቂት አልነበረም። ዛሬ የዋናውን የንግድ ጎዳና ፎቶ ስታዩ በሕንፃዎች መካከል ሣር የበቀለባቸው ባዶ ቦታዎች ይታያሉ።

ከዚህ ላይ ለእናንተም የሚጠቅም አንድ የአሠራር ነገር ላንሣ። በደብተሬ ላይ የነጠላ ቁጥር ልዩነትን ብቻ ስስል የከፋው አሥር ዓመት 1960ዎቹ ይመስል ነበር። ልዩነቱን በመቶኛ ስቀይረው ግን የ1960ዎቹ ቅናሽ 33 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከ2,831 ወደ 1,733 የወረደበት ከ2010 እስከ 2020 ያለው ጊዜ ወደ 39 በመቶ ይጠጋል። ኤልምውድና ማክብራይድ የተባሉት የመንግሥት መኖሪያ ሰፈሮች ለኑሮ የማይበቁ በመሆናቸው በ2017 እንዲለቀቁ ሲወሰን ወደ 400 የሚሆኑ ሰዎች ሌላ ቤት መፈለግ ግድ ሆነባቸው፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ነበሩ። ዛሬ ከነዋሪው ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ጥቁር ሲሆን፣ ጠቅላላ ቁጥሩ ከ1860ውም ያነሰ ነው።

አሁን የቀረኝ በ1960 እና በ1970 መካከል ያለውን መስመር መሰነጣጠቅ ነው። ቆጠራው በአሥር ዓመት እየዘለለ ስለሚሄድ ከ1967 በፊት የወጣውንና ከዚያ በኋላ የወጣውን አንድ ላይ ደምሮ ያቀርበዋል። ስለዚህ በየዓመቱ የሚመዘገብ ነገር፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ተማሪ ቁጥር ወይም የስልክ ማውጫ ውፍረት፣ በዚያው ገጽ ላይ በሌላ ቀለም ልደርብበት አስቤያለሁ። በቀይ አይደለም፤ ቀዩ እስክሪብቶ ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ነው።