የኬክ ወረቀት ስጥል የከረምኩበት ሳምንት

የአየር ሰበቃን፣ ማለትም አየር የሚወድቅን ነገር የሚያዘገይበትን ኃይል፣ ራሴ ለክቼ ልየው ብዬ ከተነሳሁ ሳምንት ሞላኝ። ዕቃዬ ቀላል ነው፦ ፒያሳ የገዛሁት የኬክ ወረቀት (ትንንሽ ኬክ የሚጋገርበት፣ እንደ ኩባያ ጎድጎድ ያለው)፣ ሜትር እና ስልክ። ቦታው አራት ኪሎ የምንኖርበት ሕንፃ ነው። በደረጃው መሃል ባለው ክፍተት ከሁለተኛ ፎቅ እስከ ታች 6 ሜትር ለካሁ።

የመጀመሪያው ቀን ድካም ብቻ ሆነ። አንዱ ወረቀት ግድግዳ ይመታል፣ ሌላው ይገለበጣል። ምክንያቱን የነገሩኝ የግቢያችን ጥበቃ ናቸው። «ልጄ፣ በሩ ክፍት እኮ ነው። ነፋሱ ነው የሚወስድብህ» አሉኝ። በሩን ዘጋንና ወረቀቱ ቀጥ ብሎ መውረድ ጀመረ።

እህቴ ታች ሆና ቀረጸችልኝ። አንድ ወረቀት ብቻውን 3.9 ሰከንድ ፈጀ። ቀጥሎ አራቱን አንዱን በሌላው ውስጥ ከትቼ ጣልኩ። ቅርጹ ያው ነው፣ ክብደቱ ግን አራት እጥፍ። 2.1 ሰከንድ! እኔ አራት እጥፍ ይፈጥናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። የፈጠነው ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ገባኝ። አየሩ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊያው አራት እጥፍ ይሆናል። ግፊያው ከክብደቱ ጋር እኩል ሲመጣ ወረቀቱ ከዚያ ወዲያ አይፈጥንም። ተርሚናል ቬሎሲቲ የሚባለው ይሄ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ክብደት ያስፈልጋል። ልክ ሁለት ያልመጣልኝ፣ ከባዱ ቋሚ ፍጥነቱ ላይ እስኪደርስ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚወስድበት ነው። ቀመሩን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ግን አይቼው አላውቅም።

ሐሙስ ዝናቡ ሲወርድም ይህንኑ ሳስብ ነበር። አየር ባይኖር ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ የወረደ ጠብታ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ይመታን ነበር። ትልልቁ ጠብታ እንኳ አሁን በሰከንድ 10 ሜትር አካባቢ ነው የሚወርደው።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየራችን ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ስስ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ነገሮች ትንሽ ፈጠን ብለው ይወድቃሉ። ለበዓል ድሬዳዋ ዘመድ ጋ ስለምንሄድ ወረቀቶቹን ይዣቸው እሄዳለሁ። እዚያ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው። በስሌቴ አንዱ ወረቀት ወደ 0.2 ሰከንድ ይዘገያል። በሰከንድ 30 ምስል በሚቀርጽ ስልክ ይህ 6 ምስል ነው፤ ቆጥሬ ውጤቱን አመጣላችኋለሁ።