የሐበሻ ነው የፈረንጅ?

ደሴ ውስጥ ግቢ ዙሪያ የቆመውን ሁሉ «ጥድ» ብለን ነው የምናልፈው። አብዛኛው የፈረንጅ ጥድ ነው። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲከረከምም ያምራል። እኔ የምፈልገው ግን የሐበሻውን ነው፤ እሱ ደግሞ በእኛ ሰፈር እንደ ልብ አይገኝም።

ችግኝ ሻጮች ጋ ብትሄዱ ሁሉም «የሐበሻ ነው» ይሏችኋል። ችግኝ እያለ መለየት ያስቸግራል፤ ሁለቱም በልጅነታቸው ቅጠላቸው መርፌ መርፌ ነው። እኔ የማምነው ፍሬውን ነው። የፈረንጁ ፍሬ እንጨት ነው። ድብልብል ነው፣ ላዩ ላይ ትንንሽ ቀንዶች አሉት፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ዘሩን ያራግፋል። የሐበሻው ለስላሳ ነው። አተር ያክላል፤ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄድና ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በጣት ስትጫኑት ይፈርጣል፣ እጃችሁም ሙጫ ሙጫ ይሸታል።

ፍሬ የሌለው ዛፍ ካያችሁ ቶሎ አትፍረዱ። የሐበሻ ጥድ ብዙውን ጊዜ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ጎረቤታችን ሀጂ ደጃቸው ያለውን «መካን ነው» ይሉታል። «ሀጂ፣ ወንድ እኮ ነው!» ስላቸው፣ «ታዲያ ጢሙ የታለ?» ብለው ሳቁብኝ።

ዘሩን የለቀምኩት ከቤተክርስቲያን ግቢ ነው፣ አስፈቅጄ። ትልልቆቹ የተረፉት እዚያ ነው። (ብዛቱን ማየት የፈለገ ከኮምቦልቻ በላይ የጎፍ ደን አለለት።) ፍሬውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ሥጋውን አሽቼ አወጣሁ። ከዚያ ዘሩን ውሃ ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ የተንሳፈፈው አብዛኛው ባዶ ስለሆነ ይጣላል። አሸዋ የበዛበት አፈር፣ ከላይ ሣር፣ ትንሽ ጥላ፣ በቃ። ውሃ አታብዙ፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

ከዚያ ትዕግስት ነው። አንዱ ይበቅላል፣ ሌላው ተኝቶ ይከርማል። የፈረንጁ እንዲህ አያስጨንቅም፤ ለአጥር ቶሎ የሚደርስ የፈለገ እሱን ቢተክል አልፈርድበትም። የሐበሻው እንጨት ግን ምስጥ አይደፍረውም፤ ቀይ ነው፣ ሲጠረብ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። እስከ 40 ሜትር የሚያድግ ስለሆነ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር እንዳትተክሉት።

ሀጂ ለክረምት አንድ ችግኝ አዘውኛል። «ሴት ትሁንልኝ» ብለዋል። አብሽሩ ብያቸዋለሁ፤ ፍሬ እስክታሳይ ግን እኔም አላውቅም።