ካሽባክ ሳሳድድ ያጣሁት 262 ዶላር

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሲል የመጀመሪያዬን የካሽባክ፣ ማለትም ከግዢው ጥቂት መቶኛ የሚመልስ፣ ክሬዲት ካርድ አወጣሁ። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ስለ ጥሬ ገንዘብ የምትናገረዋን መስመር ሳታነብ እንዳትፈርም» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት አይኖረኝም ነበር። ማመልከቻው ራሱ ቀላል ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን፣ አድራሻዬንና የዓመት ገቢዬን ሞላሁ፣ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ 3,000 ዶላር በዱቤ የምጠቀምበት ገደብ ተፈቀደልኝ፣ ካርዱም በሳምንቱ በፖስታ ደረሰኝ።

የካርዱ ቃል ኪዳን የሚያጓጓ ነበር። ዓመታዊ ክፍያ የለውም፣ ከእያንዳንዱ ግዢ 2 በመቶ ይመልሳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሂሳቡ በተከፈተ በ90 ቀን ውስጥ 1,000 ዶላር ለገዛበት ሰው 200 ዶላር ቦነስ ይሰጣል። ችግሩ እኔ ገዢ ሰው አለመሆኔ ነው። የቤት ኪራዬን በቼክ፣ እቁቤን በጥሬ ገንዘብ እከፍላለሁ፤ ለካርዱ የሚቀሩለት ቤንዚንና አስቤዛ ብቻ ናቸው። በ74ኛው ቀን ሂሳቤን ስመለከት የገዛሁት 430 ዶላር ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት እናቴ አዲስ አበባ ለሕክምና 600 ዶላር አስፈለጋት። 430 ላይ 600 ሲደመር 1,030 ይሆናል፤ ይህን ስሌት የሠራሁበት ፍጥነት ዛሬም ያሳፍረኛል። ለጥንቃቄ የእቁባችንን ዳኛ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም «አንተ ልጅ፣ ምን ያስጨንቅሃል? እኔ ዓመቱን ሙሉ በካርድ ነው የምልከው፤ አንድም ቀን ወለድ ከፍዬ አላውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከወራት በኋላ ካርዳቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ሲያሳዩኝ ግን ከባንክ ሂሳባቸው ቀጥታ የሚቀንስ ደቢት ካርድ ሆኖ አገኘሁት። እኛ ሁለቱንም «ካርድ» ብለን ስለምንጠራቸው እሳቸውም አልዋሹም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

በስልክ መተግበሪያ 600 ዶላሩን በክሬዲት ካርዴ ላክሁ። ገንዘቡ በዚያው ቀን ለእህቴ ደረሰ፤ በካርዱ የሂሳብ ዝርዝር ላይም የአስተላላፊው ድርጅት ስም እንደ ማንኛውም ሱቅ ሰፈረ። ቦነሱን እንዳገኘሁ ቆጥሬ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ወርሃዊ መግለጫው የወጣው በ94ኛው ቀን ነው፤ ቀኑን ልብ በሉልኝ። «ካሽ አድቫንስ» (በካርዱ በብድር የተወሰደ ጥሬ ገንዘብ) በሚል ርእስ ሥር 600 ዶላር፣ የአገልግሎት ክፍያ 30 ዶላር፣ ወለድ 10 ዶላር ከ35 ሳንቲም ተጽፏል። በግዢ ዝርዝሩ ውስጥ ገንዘቡ የለም፤ ካሽባኩ የለም፤ ቦነሱም የለም። ስህተት ነው ብዬ ወደ ባንኩ ደወልኩ። አስተርጓሚ እንደሚያቀርቡ ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፤ አስተርጓሚው ግን «ካሽ አድቫንስ» የሚለውን «የጥሬ ገንዘብ ዕድገት» ብሎ ተረጎመልኝና ለጥቂት ሰከንዶች ገንዘቤ አድጎ የተደወለልኝ ያህል ግራ ተጋባሁ። ከዚያ በኋላ በራሴ እንግሊዝኛ ቀጠልኩ።

ሠራተኛዋ የሰጠችኝ ማብራሪያ ትክክል ነበር፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ካርድ የሚቀበል ማንኛውም ድርጅት ባለ አራት አኃዝ የዘርፍ ቁጥር አለው፤ ሱፐርማርኬት 5411፣ ምግብ ቤት 5812፣ ገንዘብ አስተላላፊ ደግሞ 4829 ነው። ባንኩ የሚያየው ቁጥሩን እንጂ የእናቴን ሕመም አይደለም። የእኔ ባንክ 4829ን እንደ ግዢ ሳይሆን ከኤቲኤም እንደ ወጣ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥራል። በጥሬ ገንዘብ ላይ 5 በመቶ ክፍያ ይወሰዳል፤ ወለዱም በዓመት 29.99 በመቶ ሆኖ ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠራል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ መግለጫው ከተላከ በኋላ ለመክፈል ቢያንስ 21 ቀን እንዲሰጠን ያዝዛል፤ ግዢውን በጊዜው ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ሰው ወለድ የማይነካው ባንኩ በዚህ ላይ ለግዢ በሚሰጠው ፋታ ነው፤ ለጥሬ ገንዘብ ግን ይህ ፋታ የለም። «ታዲያ መተግበሪያው ላይ ለምን አልተነገረኝም?» ብላት «በፈረሙት ሰንጠረዥ ላይ አለ» አለችኝ። አለ። ይህ የካርዱን ወለድና ክፍያዎች የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ቻርለስ ሹመር የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሳሉ ከገፉት የ1988 ሕግ የመጣና በስማቸው የሚጠራ ነው፤ አንድ ገጽ ገደማ ነው፣ እኔ ግን ያየሁት የላይኛውን የወለድ መስመር ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ከመጀመሪያው የባሰ ሞኝነት ነው። «ቅሬታዬ እስኪታይ አልከፍልም» ብዬ 18 ቀን አኮረፍኩ። ኩርፊያዬ በቀን 52 ሳንቲም ገደማ ያስከፍለኝ ነበር። ቅሬታው ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቶ ሁሉንም ከከፈልኩ በኋላ እንኳ በቀጣዩ መግለጫ 9 ዶላር ከ47 ሳንቲም ወለድ መጣ፤ መግለጫው ከወጣበት እስከ ከፈልኩበት ቀን የተጠራቀመ ነው። ወደ 50 ዶላር ክፍያና ወለድ፣ 12 ዶላር ያልመጣ ካሽባክ፣ 200 ዶላር ያመለጠ ቦነስ። መግለጫው ከ90ኛው ቀን በፊት ደርሶኝ ቢሆን የመኪና ኢንሹራንሴን በካርዱ ከፍዬ ቦነሱን አድን ነበር። በአራት ቀን አመለጠኝ።

ዛሬ ሌላ ሰው ካርድ ላወጣ ነው ሲለኝ ስለ ካሽባኩ መቶኛ ብዙም አልነግረውም። በየሦስት ወሩ በሚቀያየር የግዢ ዓይነት ላይ 5 በመቶ የሚሰጡት ካርዶች ላይ ላዩን ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያቸው በሩብ ዓመት 1,500 ዶላር ስለሆነ ከ75 ዶላር በላይ አይገኝባቸውም፤ በየሩብ ዓመቱ ገብቶ ማስጀመር የረሳ ሰው ደግሞ የሚያገኘው 1 በመቶ ነው። ጤፍና በርበሬ የምገዛበት የሐበሻ ሱቅ ጓሮው ምግብ ቤት ስለሆነ በ5812 ይመዘገባል፤ አስቤዛ ላይ ብዙ የሚመልስ ካርድ እዚያ ምንም አይፈይድም። አገር ቤት ሄዶ በካርዱ ሆቴል የሚከፍል ሰውም የውጭ አገር ክፍያ 3 በመቶ ከሆነበት 2 በመቶ ተመላሹን አግኝቶ 1 በመቶ ከኪሱ ይጨምራል።

ባንኮች ዝቅተኛውን ክፍያ በራሱ እንዲከፈል አድርጉ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ዝቅተኛው ክፍያ ከቅጣት ያድናል እንጂ ከወለድ አያድንም፣ ልብን ግን ያሳርፋል፤ አደጋውም ያ ማረፍ ነው። በራሱ የሚከፈለው የመግለጫው ሙሉ ሂሳብ መሆን አለበት፤ ለዚያ የሚበቃ ገንዘብ ባንክ ውስጥ የሌለው ሰው ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ያቆየው። ከገደቡ 30 በመቶ በታች ተጠቀሙ የሚለውን ምክር ግን እቀበላለሁ፤ በእኔ 3,000 ይህ 900 ዶላር ነው።

ካርዱ እጅ እንደ ገባ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ነገር ደውሎ የጥሬ ገንዘብ ገደቡን ማስቀነስ ነው። የእኔ ከ3,000ው ውስጥ 900 ነበር፤ ሠራተኛው «አያስፈልግም፣ ለድንገተኛ ጊዜ ይጠቅምዎታል» እያለ ሁለት ጊዜ ሊያግባባኝ ከሞከረ በኋላ ወደ 50 ዶላር አወረደልኝ። ከሁለት ወር በኋላ ገንዘብ ለመላክ ስሞክር መተግበሪያው ያንኑ አሮጌ ካርድ መርጦ ኖሮ ክፍያው ውድቅ ሆነ። እህቴ «ወንድምዓለም፣ ገንዘቡ አልደረሰም» ብላ ስትጽፍልኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።