አንድ አልጋ ያለው ክፍል፦ የኩራሳዎ ጉዞ ማስታወሻ

ወደ ካሪቢያን የመሄዱን ሐሳብ ያመጣው ባለቤቴ ነው። እሱ ተወልዶ ያደገው ሻሸመኔ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባሕር ማዶ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ በቆመው ጃማይካ ሰፈር ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ እየተጫወተ ስላደገ፣ የእነርሱን አነጋገር እኔ በትምህርት ቤት ከተማርኩት እንግሊዝኛ አጥርቶ ይሰማል። ንጉሡ በ1966 ሚያዝያ ወር ኪንግስተን ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀውን ሕዝብ ታሪክ ከጎረቤት ሽማግሌዎች አፍ እየሰማ ነው ያደገው (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ስለዚህ በ2025 ጥር ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ቡና አፍልተን ዕረፍታችንን ስናቅድ፣ በደብተሩ ላይ አስቀድሞ የጻፈው «ጃማይካ» የሚለውን ስም ነበር።

«ባለቤቴ» የሚለው ቃላችን ወንድና ሴት አይለይም፤ የሚለየው ግሡ ነው። ከእናቴ ጋር በስልክ ስነጋገር ለዓመታት ያንን ግሥ ስሸሽ ኖሬአለሁ፤ «መጣ» ላለማለት «መጣን» እላለሁ፣ «አለ» ላለማለት «አለን» እላለሁ። እዚህ ግን ሳልሸሽ እጽፈዋለሁ፦ ባለቤቴ ወንድ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ በሕግ ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆኖናል።

ለእንደኛ ዓይነት መንገደኛ የዕረፍት ዕቅድ የሚጀምረው ከሕግ ነው። ሌላው ሰው የባሕር ዳርቻ ፎቶ እያየ ሲመርጥ እኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ እናነባለን። ጃማይካ በቅኝ ግዛት ዘመን በ1864 የወጣውን ሕግ እስካሁን አልሻረችም፤ በወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነት እስከ 10 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ይህን ሳነብለት «ቱሪስትን ማን ይነካዋል? ሁለት ጓደኛሞች ነን ብለን እንገባለን» አለኝ። እኔም የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ስላለ አዲስ አበባ በሄድን ቁጥር ሁለት ጓደኛሞች እየሆንን እንደምንገባ፣ ከእናቴ ቤት ሳሎን በተለያየ ሶፋ ላይ እንደምንተኛ፣ ለዚያ ደግሞ የዓመት ዕረፍቴን መክፈል እንደማልፈልግ ነገርኩት። ሁለት ቀን አላናገረኝም። አልፈረድኩበትም፤ የአገራችን ስም እንደ ጃማይካ በፍቅር የሚጠራበት ደሴት በዓለም ላይ የለም። ባንዲራችንን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ሕዝብ መካከል እንደ ባልና ባል መቆም አለመቻላችን እኔንም ያመኛል።

ከዚያ ደሴቶቹን አንድ በአንድ መመርመር ያዝን። አንቲጓና ባርቡዳ፣ ሴንት ኪትስና ኔቪስ፣ ባርቤዶስ ሦስቱም በ2022 በፍርድ ቤት ውሳኔ ተመሳሳዩን ሕግ ሽረዋል። ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ከ2015 ጀምሮ ጋብቻችንን ታውቃለች፤ ማርቲኒክና ጓዴሎፕ ደግሞ በፈረንሳይ ሕግ ከ2013 ጀምሮ። ባለቤቴ ግን ልቡ ወደ ትሪኒዳድና ቶቤጎ አደላ፤ እዚያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2018 ሕጉን ስለሻረው ሁለታችንም ተስማማን፣ ቶቤጎ ላይ አንዲት ትንሽ ቤት አገኘን፣ ቀብድ ልንከፍል ሁለት ቀን ሲቀረን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማርች 25 ቀን 2025 የሰባት ዓመቱን ውሳኔ ገለበጠው። ዜናውን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ዘግቼ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ያጣሁት የአንድ ሳምንት ዕረፍት አልነበረም። ከትሪኒዳድ ወዴትም የማይሄዱ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ቀና ብለው የሄዱ ሰዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ወንጀለኛ መሆናቸው ነው ያስለቀሰኝ። እኛ ተመሳሳይ ፆታ የምናፈቅር ኢትዮጵያውያን፣ በመካከላችን «ዜጋ» ተባብለን የምንጠራራ ሰዎች፣ ሕግ ከዜግነት ሲያስወጣ ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን።

ኩራሳዎን የመረጥነው በዚያው ሳምንት ነው። ደሴቲቱ በኔዘርላንድ መንግሥት ሥር ራሷን የምታስተዳድር አገር ስትሆን፣ የኔዘርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁላይ 12 ቀን 2024 በአሩባና በኩራሳዎ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ መከልከሉ አድልዎ ነው ብሎ ወስኗል፤ ጋብቻውም ከዚያው ቀን ጀምሮ ተፈቅዷል። የአውሮፕላን ትኬቱ ለሁለታችን 1,180 ዶላር ሆነ። ለእንግዳ ማረፊያው «ሁለት የተጋባን ወንዶች ነን፤ አንድ ሰፊ አልጋ ያለው ክፍል እንፈልጋለን» ብዬ ጽፌ፣ «በደስታ እንቀበላችኋለን» የሚል መልስ አገኘሁ። ያንን ደብዳቤ አትሜ ከፓስፖርቶቻችን ጋር ያዝኩት። ጉዞውን በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ያደረግነው ሆን ብለን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም የፈለግነውን እንበላለን።

ከማያሚ ሦስት ሰዓት ያህል በርረን ሃቶ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። እዚያ ታክሲ ሜትር የለውም፤ ዋጋ የሚቆረጠው ከመነሳት በፊት መሆኑን አንብቤ ነበር፣ ግን ደክሞኝ ስለነበር ሳልጠይቅ ገባሁ። ማረፊያችን ድረስ ከ40 ዶላር እንደማይበልጥ ተነግሮን ሳለ ሾፌሩ 60 ጠየቀን። ባለቤቴ ሊከራከር ሲል ክንዱን ይዤ ከፈልኩ። በማላውቀው አገር የመጀመሪያውን ቀን በጭቅጭቅ መጀመር እፈራለሁ፤ ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ማረፊያው ኦትሮባንዳ ሰፈር ውስጥ ያለ ቢጫ ቀለም የተቀባ አሮጌ ቤት ነው። እንግዳ ተቀባዩ ወጣት መዝገቡን አየ፣ እኛን አየ፣ ከዚያ «ለምቾታችሁ ብዬ ክፍላችሁን ቀይሬዋለሁ» ብሎ ቁልፍ ሰጠን። በሩን ስንከፍት ሁለት ጠባብ አልጋዎች ግድግዳና ግድግዳ ይዘው ቆመዋል። የታተመው ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ወርጄ ላሳየው እችል ነበር፤ ግን አልወረድኩም። ሌሊቱን አየር ማቀዝቀዣው እየተንገራገጨ ሲጠፋና ሲበራ፣ ቢንቢ ስንገድል፣ ባለቤቴ ከወዲያ ማዶ «ለዚህ ነው እንዴ ጃማይካን የተውነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ለአንድ አልጋ አፌን መክፈት አለመቻሌ እስኪነጋ አንገበገበኝ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ሆነን የጽዳት ሠራተኛዋ ክፍላችን ገብተው ነበር። ጸጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ፣ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ሴት ናቸው። ስንመለስ ሁለቱን አልጋዎች አጋጥመው፣ የሁለቱን የፊት እግሮች በገመድ አስረው፣ በመካከል ባለው ክፍተት ላይ ብርድ ልብስ በቁመቱ አጥፈው እየጠቀጠቁ ደረስንባቸው። ከላይ አንድ ትልቅ አንሶላ ዘርግተው፣ አራቱን ማዕዘን ከፍራሹ ሥር ወሸቁና መሃሉን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። ማንም አልነገራቸውም፤ ወለሉ ላይ አንድ ቦታ ተጠግተው የተቀመጡትን ሁለት ጥንድ ጫማዎች አይተው ይሁን፣ አጥንታቸው ነግሯቸው እንጃ። እኔ በእንግሊዝኛ ላመሰግናቸው ስንተባተብ «ዱሺ» ብለው ጉንጬን ነኩት። በፓፒያሜንቱ፣ በደሴቲቱ ቋንቋ፣ «ጣፋጭ» ማለት ነው፤ ለምግብም፣ ለልጅም፣ ለሚወዱት ሰውም የሚውል። እኛ «የኔ ማር» እንደምንለው ነው። ጉርሻ ብንሰጣቸው አልቀበልም ብለው ወጡ።

ኦትሮባንዳን ከማዶው ሰፈር ከፑንዳ ጋር የሚያገናኘው የንግሥት ኤማ ድልድይ በ1888 የተሠራ ሲሆን፣ በውሃ ላይ በሚንሳፈፉ ጀልባዎች ላይ የቆመ ነው። መርከብ ሲመጣ ደወል ይደወላል፣ ድልድዩም በአንድ ጫፉ እንደ በር ዞሮ ይከፈታል፤ ላዩ ላይ ያለ ሰው አብሮ ይዞራል። ሁለተኛው ምሽት እዚያ ላይ ሳለን ተከፈተብን። የፑንዳ ባለቀለም ቤቶች በቀስታ ከፊታችን ሲሸሹ ባለቤቴ እጄን ያዘኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ፒያሳን ቢወርዱ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም፤ የወንድምነት ምልክት ነው። እኔ ግን ማንነቴን ካወቅሁበት ከ17 ዓመቴ ጀምሮ፣ ሌላው ሁሉ ያለ ሐሳብ የሚያደርገውን ይህን ነገር ተውኩት፤ ጓደኞቼ እጄን ሲይዙኝ እንኳ ሰበብ ፈልጌ አስለቅቀው ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግም ሕጉ ቢፈቅድልንም በሐበሻ ምግብ ቤቶች በኩል ስናልፍ ክንድ ተራርቀን ነው የምንሄደው። ድልድዩ ላይ ከጎናችን ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ነበሩ፤ አዩን፣ ከዚያ ሴትየዋ ስልካቸውን ዘርግተው ፎቶ እንድናነሳቸው ለመኑን። ፎቶውን ለማንሳት እጁን መልቀቅ ስላለብኝ አዘንኩ።

ሦስተኛውና አራተኛው ቀን በዋናና በእንቅልፍ አለፉ። አምስተኛው ቀን አሮጌው ገበያ፣ ፕላሳ ቢዩ፣ ሄደን ሴቶች በትልልቅ ድስት ከሚያበስሉት የፍየል ወጥ ከፉንቺ ጋር በላን። ፉንቺ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ገንፎ ነው፤ መሃሉን ጎድጉደው ቅቤና በርበሬ ባያፈሱበትም የእናቴን እጅ አስታውሶኛል። የተመለሰልን ገንዘብ ግማሹ አሮጌው የአንቲልስ ጊልደር፣ ግማሹ በማርች መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የካሪቢያን ጊልደር ነበር። በ1732 የተሠራውንና ወለሉ አሸዋ የሆነውን ምኩራብም አየን፤ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ባለቤቴ ከለከለኝ።

በስድስተኛው ቀን መኪና ተከራይተን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ክኒፕ ባሕር ዳርቻ ነዳን። ከዳርቻው በላይ ባለው የክኒፕ እርሻ ነው ቱላ የተባለው ባሪያ በኦገስት 17 ቀን 1795 ጓደኞቹን ይዞ አንሠራም ብሎ የተነሣው፤ በዚያው ዓመት ተይዞ ተገደለ። ባርነት የተሻረው በ1863 ነው። ቁልቁል ስንወርድ ሁለታችንም ዝም ብለን ነበር።

ጥላ ሥር ኮኮናት የሚሸጥ ጠና ያለ ሰው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ኮፍያ አድርጓል። ባለቤቴ አነጋገሩን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ጃማይካዊ ነው። ከየት እንደመጣን ጠየቀን፤ ሲሰማ ገጀራውን አስቀምጦ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ባለቤቴ ሻሸመኔ መወለዱን ሲነግረው ደግሞ ዓይኑ ውሃ ቋጠረ። አንዱን ኮኮናት ቆርጦ ሰጠን፣ ገንዘቡን በእጁ ገፋው፣ «ወንድማማቾች ናችሁ?» አለ።

ልቤ እንደ ልማዱ «አዎ» ለማለት ተነሣ። ባለቤቴ ቀደመኝ፤ በሻሸመኔ ልጅነቱ ቋንቋ፣ በራሳቸው አነጋገር፣ «ባሌ ነው» አለው።

ሰውየው ወደ እኛ አላየም። ሌላ ኮኮናት አነሣና በቀስታ ዙሪያውን መላጥ ጀመረ፤ ቅርፊቱ አሸዋው ላይ ይወድቃል፣ ገጀራው ይሰማል፣ እኔ የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ጨብጫለሁ። የኮኮናቱን አፍ ከፈተው፣ ቱቦ ሰክቶ ለእኔ አቀበለኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ ሻሸመኔ በዚህ ወር ይዘንብ እንደሆነ ጠየቀው።

«ይዘንባል» አለው ባለቤቴ፤ «በግንቦት በቆሎው ጉልበት ይደርሳል»፤ በእጁም ከአሸዋው ቁመቱን ለካለት።